ሥዕሉ አማረ፤ ሒሳቡ ግን አልሞላም

ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኔም ወጌን ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ዓመት የአምስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥሁት ርእስ በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የሚረጭ ዘይት ሞተሩን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስላት ነበር። ርእሱን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛው «ዘይቱ የሚረጨው ምን ሊጠበስበት ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ ስሜ «ጠባሹ» ሆኖ ቀረ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ ቅጽል ስሜ ለማማረር አይደለም። በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ራሴን ለማታለል ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለመናዘዝ ነው።

ርእሱን ያለ ምክንያት አልመረጥሁትም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ በይፋ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ድምፁን አጥፍቶ ከኋላችን ሲደርስ ብቻ ነው የምንደነግጥ። ስለ ዋጋውና ስለ ባትሪው ሁሉም ሰው ያወራል። ስለ ሞተሩ ሆድ ዕቃ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላገኘሁም። እኔም አዋቂ መስሎ ለመታየትም ጭምር፤ እውነቱን ለመናገር፤ ይህን ሆድ ዕቃ ልመርምር ብዬ ተነሣሁ።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የማይንቀሳቀስ የብረት ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ ጎድጓዶች ውስጥ የመዳብ ጥምጥም ተሰክቷል፤ በመካከሉ ሮተር የሚባለው ይሽከረከራል። ኤሌክትሪክ በመዳቡ ውስጥ ሲያልፍ ከኃይሉ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መዳብ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። በሞቀ ቁጥር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ጭማሪው 31 በመቶ ገደማ ነው። መቋቋሙ ሲጨምር የሚፈጥረውም ሙቀት ይብሳል። መዳቡን የሚሸፍነው ልባስ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይከስላል፤ በኢንጂኔሮች ዘንድ የታወቀው ግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በሮተሩ ውስጥ ያለው ማግኔትም ሙቀት ሲበዛበት ጉልበቱ ይደክማል። እንግዲህ የሞተር ጉልበት የሚለካው በመዳቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን ለማስወጣት ባለው ችሎታም ጭምር ነው።

ሙቀቱን ለማስወጣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ውሃ በሞተሩ ቅርፊት ዙሪያ ማዞር ነው፤ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣችው ኒሳን ሊፍ ይህን መንገድ ይዛለች። ነገር ግን ውሃው የሚነካው የውጭውን ብረት ነው። ከብረቱ ወጥቶ በሁለቱ ጎኖች የሚታጠፈው የጥምጥሙ ጫፍ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚግለውም እርሱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዘይት ነው። ዘይት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በቀጥታ በመዳቡ ላይ ቢረጭ ጉዳት የለውም። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣችው ቴስላ ሞዴል 3 በዘይት ከሚቀዘቅዙት ወገን ናት። ዘይት ሙቀት በማስተላለፍ ከውሃ እጅግ ያነሰ ነው፤ በግምት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ። ቢሆንም ቅሉ፤ በሩቅ ካለ ብርቱ ዘመድ በቅርብ ያለ ደካማ ጎረቤት ይሻላል እንዲሉ፤ ዘይቱ የሚጠቅመው ከሚነደው ነገር ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ነው።

ችግሩ የሚረጨውን ዘይት ማስላቱ ላይ ነው። ፈሳሽን በኮምፒዩተር የማስላት የተለመደው ዘዴ ቦታውን እንደ ዓሣ ማጥመጃ መረብ በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ በየክፍሉ የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር ነው። ቱቦ ሞልቶ ለሚፈስ ውሃ ይህ መልካም ነው። ዘይት ግን በጄት ወጥቶ፤ መዳቡን መትቶ፤ ተበትኖ፤ በስስ ልባስ ተዘርግቶ፤ ከሥር ደግሞ በጠብታ ሲወርድ መረቡ ይጨነቃል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም መረቡን ትቶ ዘይቱን ራሱን በቅንጣት መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱን ክብደት፤ ፍጥነትና ሙቀት ይዞ ይጓዛል፤ በየርምጃው በዙሪያው ያሉትን ጎረቤቶቹን ጠይቆ ወዴት እንደሚገፋ ይወስናል።

የዚህ ዘዴ ታሪክ የሚያስገርም ነው። በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊዮን ሉሲ በአንድ ወገን፤ ሮበርት ጊንጎልድና ጆሴፍ ሞናጋን በሌላ ወገን ሆነው ያወጡት ለሞተር ብለው አልነበረም፤ ስለ ከዋክብት ለማስላት ነበር። በ1994 ሞናጋን ማዕበልንና የሚፈስ ውሃን ለማስላት አዋለው። በ1996 ደግሞ ጃፓናውያኑ ኮሺዙካና ኦካ የሚሰባበር ፈሳሽን የሚያሰላ የቅርብ ዘመዱን አቀረቡ። ለሰማይ የተሠራ ሒሳብ ወርዶ የመኪና ዘይት ሲቆጥር ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

እኔም ሥራዬን ጀመርሁ። የቅንጣቴን ስፋት 1 ሚሊ ሜትር አደረግሁ፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ማለት ነው። በዚህ ልክ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ሚሊዮን ቅንጣት ይሆናል። ለአንድ ሴኮንድ ፍሰት መቶ ሺህ ርምጃ ያስፈልግ ነበር፤ በተፈቀደልኝ ኮምፒዩተር ላይ 9 ሰዓት ፈጀ። ሮተሩን አቁሜ የጥምጥሙን ጫፍ ብቻ ወሰድሁ፤ መዳቡን በ100 ዲግሪ፤ የሚረጨውን ዘይት በ60 ዲግሪ፤ መጠኑንም በደቂቃ 2 ሊትር አደረግሁ። በነጋታው ውጤቱን ወደ ፊልም ለውጬ ሳየው ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ዘይቱ ከላይ ሲወርድ፤ መዳቡን ሲያለብስ፤ ሲሞቅ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ፤ በውነት ያማረ ሥዕል ነበር። መዳቡ በሙሉ ተሸፍኗል። ፕሮግራሙም ከመዳቡ 400 ዋት ሙቀት መውጣቱን ጻፈ። አማካሪዬ አይተው «ጥሩ ነው፤ ይህን በኤግዚቢሽኑ ላይ እናሳያለን» አሉኝ። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ መጥገቤን አስታውሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፊልሙን ይዤ ወደ ወርክሾፑ ሄድሁ። በዚያ የሚሠሩትን የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የተቃጠለ ሞተር እያወጡ አዲስ ጥምጥም በማስገባት ነው። ኮምፒዩተሩን በጥሞና ተመለከቱ፤ መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ አሉኝ፦

«መልካም። ዘይቱ በ60 ዲግሪ ገባ አልህ። በስንት ወጣ?»

«አላየሁትም ጋሼ» አልሁ።

«እንዴት አላየኸውም? ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው እርሱ አይደለም? አህያዋን ጭነህ የት እንዳደረሰችው ሳትጠይቅ?»

ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ነገሩ ኮምፒዩተር እንኳ የማያስፈልገው፤ በእርሳስ የሚሠራ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ዘይት ማለት በሴኮንድ 27 ግራም ገደማ ነው። ይህን ያህል ዘይት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 57 ዋት ያህል ይፈልጋል። መዳቡ 400 ዋት ሰጥቶ ከሆነ ዘይቱ 7 ዲግሪ ሞቆ፤ በ67 ዲግሪ መውጣት ነበረበት። በፕሮግራሜ ውስጥ የወጣው ግን በ63 ዲግሪ ነው። 3 ዲግሪ ማለት 172 ዋት ገደማ ነው። መዳቡ 400 ከፈልሁ ይላል፤ ዘይቱ 172 ደረሰኝ ይላል። የዕቁብ ጸሐፊ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢይዝ በሚቀጥለው እሑድ ቤቱ ሽማግሌ ይላክበታል። 228 ዋት የት ገባ?

ያን ሌሊት ጓደኛዬን ቀስቅሼ ነገርሁት። ተቆጣ። «ሦስት ሳምንት ቀርቶሃል፤ ፊልሙን ሁሉም ወዶታል፤ ፈታኞቹ ስለ መውጫው ሙቀት የሚጠይቁ ይመስልሃል? ማን ያውቃል?» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ማንም አያውቅም ነበር። እኔም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፤ ለሁለት ቀን ያህል በምክሩ ሄድሁ። ፊልሙን ቆረጥሁ፤ ርእስ ለጠፍሁበት፤ የቀለሙን መለኪያ ከጎን አስቀመጥሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን የመውጫው ሙቀት እንዳይነበብ የፊልሙን የታች ጠርዝ እየቆረጥሁ እንደነበር ራሴን ያዝሁት። ይህን ማንም አላዘዘኝም። እጄ ራሱ ያውቅ ነበር። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ተሳስቻለሁ ማለት ይቻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚገባው ቃል ሌላ ነው።

ስሕተቱን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። በዘይቱ ፊት ላይ ያለ ቅንጣት በአንድ ወገኑ ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ ከጎረቤቶቹ የሚሰበስበው ድምር ያንሳል፤ ያነሰውን ለመሙላት ማረሚያ ቁጥር ይባዛበታል። እኔ ማረሚያውን መዳቡ የሚሰጠውን ሙቀት በሚጽፈው መስመር ላይ አግብቼ፤ ዘይቱ የሚቀበለውን በሚጽፈው መስመር ላይ ረስቼዋለሁ። አንዲት መስመር ናት። አረምኋት፤ ሁለቱም መዝገቦች 190 ዋት ብለው ተስማሙ። ደስታዬን አልችለውም ነበር፤ ግን ፈጥኜ ነበር የተደሰትሁት።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም በፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን በዐይኔ ውስጥ ነበር። በመዳቡ ጎን የሚወርደው የዘይት ልባስ ውፍረት በእርሳስ ሲሰላ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅንጣቴም 1 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ልባሱ በሙሉ አንድ ተራ ቅንጣት ብቻ ነበር ማለት ነው። በእውነተኛ ዘይት ውስጥ መዳቡን የነካው ክፍል ቆሞ፤ ፊቱ ላይ ያለው ይሮጣል፤ ሙቀቱም ከቆመው ወደሚሮጠው ቀስ ብሎ ያልፋል። አንድ ተራ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ቆሞ ሊሮጥ አይችልም። ታዲያ ያ ሁሉ የተሸፈነ መዳብ ምን ነበር? ሥዕል ሠሪው ፕሮግራም ለዐይን እንዲያምር እያንዳንዱን ቅንጣት ከስፋቱ በላይ አግዝፎ፤ በመካከሉ ያለውን ክፍተት አለስልሶ ይስላል። ያን ማለስለሻ ሳጠፋው በመዳቡ ላይ የታየኝ በአውድማ ላይ እንደተረሳ ጤፍ እዚህና እዚያ የተበተነ ፍሬ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፤ ልባሱ ያለው በፊልሙ ውስጥ ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ቅንጣቱን ማሳነስ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ብዛቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜው ርምጃም በግማሽ ስለሚያጥር ሥራው 16 እጥፍ ይደርሳል። ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ብወርድ 256 እጥፍ፤ ይኸውም 9 ሰዓት የነበረው 96 ቀን ይሆናል። እኔ የነበረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ጥምጥም ትቼ ከአምስት መቶ አንድ እጅ የሚሆን ጠባብ ቁራጭ ወሰድሁና ቅንጣቱን 0.125 ሚሊ ሜትር አደረግሁ። አሁን በልባሱ ውፍረት ውስጥ ስምንት ተራ ገባ። ሦስት ቀን ከሁለት ሰዓት ሠራ፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ካቆመበት ቀጠለ። ከቁራጩ ተነሥቼ ለጠቅላላው ጥምጥም ስገምት 260 ዋት አገኘሁ። ፊልም ለመሥራት የሚያበቃ ነገር አልነበረውም፤ ትንሽ የቆመ ቁራጭ ነው።

ጋሼ ግን አሁንም አልጠገቡም። «አንተ ቆጠርህ፤ አሁን ደግሞ ዘይቱ ይናገር» አሉኝ። ከወርክሾፑ ጥግ ከተጣለ ሞተር የጥምጥም ቀለበት አወጡ፤ ከላዩ የተበሳ የመዳብ ቱቦ አሠሩ፤ ከታች ሰፌድ የሚያህል ትሪ፤ ባልዲና ሚዛን አስቀመጡ። የጥምጥሙን ሙቀት የለካነው በራሱ በመዳቡ ጠባይ ነው፤ መቋቋሙ በ31 በመቶ ሲጨምር 100 ዲግሪ ደረሰ አልን። በዚያ ሙቀት ለማቆየት የገባው ኤሌክትሪክ 310 ዋት ሆነ። ዘይቱ በ60 ገብቶ በ65 ወጣ፤ 287 ዋት ማለት ነው። የቀረው 23 ዋት ወደ አየሩ የሄደ ነው ብንል ያስኬዳል። ባማረው ፊልም 400፤ በታረመው ፊልም 190፤ በጠባቡ ቁራጭ 260፤ በባልዲው 287። የጥምጥሙ የታችኛው ወገን ዘይት ሳይነካው ደርቆ መቅረቱንም ያን ቀን በገዛ ዐይናችን አየን፤ ፊልሜ ግን አልብሶት ነበር።

በፈተናው ቀን አራቱንም ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ አቀረብሁ፤ ፊልሙንም ማለስለሻውን አጥፍቼ ከነበረው ጋር ጎን ለጎን አሳየሁ። አንደኛው ፈታኝ «ታዲያ የመጀመሪያውን ለምን አሳየኸን?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁላችንም ስለ ወደድነው» ብዬ መለስሁ። ሳቅ ሆነ፤ ውጤቴም ከሁሉ በላይ አልነበረም። ኤግዚቢሽኑ ላይ የሌላ ተማሪ ሥራ ታየ። ጥቂት ቅር እንዳለኝ አልሸሽግም።

ይህን ስል ግን የቅንጣት ዘዴ ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳይመስልባችሁ። በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ዘይቱ የት እንደሚደርስና የት እንደማይደርስ ለማየት ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ሮተሩ ሲሽከረከርም መረብ ለመቅደድ ሳይቸገር ይከተለዋል። ወሰኑን ግን ማወቅ ይገባል። የ15 ሳንቲ ሜትር ሮተር በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 94 ሜትር ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት ጠብታውን የሚሰባብረውን አየር እንደሌለ መቁጠር አይቻልም። ሌላም አለ፤ ሞተር የሚሞቀው በደቂቃዎች ነው፤ ቅንጣቶቹ የሚቆጠሩት በሴኮንድ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ብልሆቹ ከቅንጣቱ ስሌት ዘይቱ በየቦታው ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ብቻ ወስደው፤ የመዳቡንና የብረቱን መሞቅ በሌላ ቀላል ሒሳብ ያሰላሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ከሞተሩም ያልፋል። መፈተኛ መሣሪያው በሞላበት አገር ሐሰተኛ ፊልም ዕድሜ የለውም፤ በማግሥቱ ከወርክሾፕ የሚመጣ ቁጥር ያጋልጠዋል። መሣሪያው በጎደለብን በእኛ ዘንድ ግን ኮምፒዩተሩ የመጨረሻ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባለቀለም ሥዕሉም የድኻ ቤት ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ መዝገብ ማስታረቅ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ግዴታ ነው እላለሁ። የገባው ስንት ነው፤ የወጣው ስንት ነው፤ የቀረው የት ሄደ። ይህን ለመጠየቅ እርሳስ፤ ባልዲና ሚዛን ይበቃሉ፤ ሦስቱም በአገራችን አሉ። በየመንገዱ የሚሮጡት ሞተሮች አንድ ቀን ይበላሻሉ፤ ከፍተን የምንጠግናቸው፤ ኋላም የምንሠራቸው እኛ እንደምንሆን ተስፋ አለኝ። ያን ቀን መዳቡ ስለ ፊልማችን ማማር አይጠይቀንም።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት ላያቸው ሄጄ ነበር። ያች የተበሳች ቱቦና ባልዲዋ በቦታቸው ናቸው፤ የዘንድሮ ተማሪዎች እየተጠቀሙባቸው ነው። ከጎናቸው በግድግዳው ላይ በኖራ አንዲት መስመር ተጽፋለች፤ የእርሳቸው እጅ ጽሑፍ ናት፦ «በስንት ወጣ?»